የስፖንጅ ድንጋይ

ያ ፊልም አንድ ባለ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እንዲሁም ሞጣና ቢቸና ላይ አቋቁሜው የነበረውን የቪዲዮ ቤት ንግድ አስከፍሎኛል። በዚያ ላይ ቢቸና ገበያ ውስጥ እስከ ዛሬ ከኋላዬ የምጠራበትን ቅጽል ስም አሸክሞኛል። ይህን ሁሉ ያስከፈለኝ ድንጋይ ስፖንጅ መሆኑን የሰማሁት ግን በቅርቡ ነው፤ ደጀን ላይ፣ ሽሮ ስበላ።

መንገድ ተዘግቶብኝ ሁለት ቀን ደጀን ተቀምጬ ነበር። ጤፉ መኪናው ላይ፣ ሹፌሩ መኪናው ሥር፣ እኔ ምግብ ቤት። ነጋዴ መንገድ ሲዘጋበት የሚሠራው ሥራ መብላትና ቴሌቪዥን ማየት ብቻ ነው። ከግድግዳው በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንዲት ጠያቂ አንድ አንጋፋ ተዋናይ አስቀምጣ ታወያያለች። ራሱ ተመልጧል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ በመልኩ አላወቅሁትም። ልጅቱ ስታሞግሰው ጊዜ ግን አፈረና የእጅጌውን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። በእጁ አወቅሁት።

«ዝምተኛው!» ብዬ ጮህኩ።

አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። «ምን ጎደለ አባባ? ሚጥሚጣ ነው?»

ጠያቂዋ ስለዚያ ስለ ድንጋዩ ፊልም አነሳችበት። ያን የሚያህል ድንጋይ ተሸክመው ሲንበረከኩ አንገትዎን አላመመዎትም ወይ፣ አለችው። ሳቀ። «ድንጋዩ እኮ ስፖንጅ ነው። ቀለም ቀብተውት ነው። በሁለት እጄ አጥብቄ የያዝኩት ከብዶኝ አይደለም፤ የዚያን ቀን ነፋስ ነበር፣ እንዳይወስደው ነው።»

ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። ደግሞም ያኔ በእኛ አገር ስሙን ይዞ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሞጣም ቢቸናም «ዝምተኛው» ነበር የሚባለው። ሌላው ተዋናይ ሲከፋው ይጮሃል፣ ግድግዳ ይደበድባል፤ እሱ ሲከፋው ሥራ ይጀምራል። በአንዱ ፊልም ላይ ክፉ በሽታ እንደያዘው የሚናገረውን የምርመራ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱን ሁለት አጠፈው፣ አራት አጠፈው፣ ስምንት አጠፈው፣ አልታጠፍም እስኪል ድረስ። ከዚያ ኪሱ ከተተና ሚስቱ ያዘዘችውን ሽንኩርት ሊገዛ ሄደ። ሽንኩርቱን ደግሞ መርጦ ነው የገዛው። በሌላው ዓይኑ እየጠፋ ያለ አስተማሪ ነው። ሚስቱ እንዳታውቅበት ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን እርምጃ በልቡ ይዞታል። አንድ ቀን ወንበር ከቦታው ተነስቶ ኖሮ ይጋጨዋል፤ ሰው መስሎት ወንበሩን «ይቅርታ» ይለዋል። ሞጣ ላይ ያን ጊዜ ያልተነፋረቀ ሰው ቢኖር ውጭ የታሰረ አህያ ነው።

እኔ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነበር። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተን፣ የቀረውን ገበያ አስተምሮኛል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሲዲ ማጫወቻና አንድ የምታስል ጄነሬተር ነበረችኝ። ሳምንቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሞጣ፣ ግማሹን ቢቸና አሳያለሁ፤ ሁልጊዜም በቀን ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሰው አስገባለሁ፣ ቆሎም እሸጣለሁ። የፊልሙን ጥሩነት የምለካው በቆሎው ድምፅ ነበር። የቡጢ ፊልም ከሆነ ቤቱ እንደ ወፍጮ ይንኮሻኮሻል፣ ቆሎዬም ያልቃል። ዝምተኛው ሲመጣ መቆርጠሙ ቀጥ ይላል። አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ የሚውጥ የለም። ከነጋዴ ዓይን ካየነው ለቆሎ የማይሆን ሰው ነበር።

ቴሌቪዥኑን ከሞጣ ቢቸና የሚያመላልስልኝ ሰይድ ነው። ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ነጋዴዎች ነበሩ፣ እሱ ግን መሪ መያዝ መረጠ። የአጎቱን አይሱዙ ይነዳል፤ በርበሬና እህል ጭኖ በደብረ ወርቅ፣ በቢቸና አድርጎ ደጀን ይወርዳል። መንገዱ ያኔ አስፋልት አይደለም፣ ፒስታ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ፣ ጉም መሬቱን በሸፈነበት ጠዋት፣ ቢቸና መግቢያ ላይ ደሳለኝ የሚባል ወጣት ገጭቶ ገደለ። ደሳለኝ የእናቱ አንድ ልጅ ነበር። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ የቢቸናዋን ቪዲዮ ቤት ያከራዩኝ ሴት ናቸው።

እንግዲህ በሁለቱ መሐል የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ሰይድ ተፈርዶበት፣ ታስሮ፣ ጨርሶ ወጥቷል። በእኛ አገር ግን ፍርድ ቤት የሚዘጋው መዝገቡን ነው፤ ደሙን የሚዘጋው እርቅ ነው። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተልከዋል። ከሞጣ የተከበሩ ሐጂ፣ ከቢቸና ጎረቤታቸው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ነበሩበት። እትዬ ጥሩወርቅ ሦስቱንም ጊዜ አክብረው ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ነው የመለሱት፦ «ልጄን አምጡልኝና እታረቃለሁ።» ለዚህ መልስ የሚሆን ተረት ሽማግሌ ኪስ ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ ሰይድ በቢቸና ሲያልፍ ሰው ሆኖ አያልፍም፣ ጭነት ሆኖ ነው። ደብረ ወርቅ ሲደርስ መሪውን ለረዳቱ ይሰጥና ከኋላ ሸራው ሥር ይገባል። እዚያ በበርበሬ ጆንያዎች መሐል የእኔን ቴሌቪዥን እንደ ሕፃን አቅፎ ይተኛል። ቢቸናን አልፈው ወደ ደጀን ሲቃረቡ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ይወጣል።

«በርበሬውን ወደ ፊት አድርገህ ለምን አትጭነውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ቴሌቪዥንህ ይቀጠቀጥ?»

«አንተ ሰይድ፣ ማንም አይነካህም እኮ። ሴትዮዋ ዘመድ የላቸውም፤ ማን ይበቀልሃል?»

«ለዚያ መሰለህ?» አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ። «ዘመድ ቢኖራቸውማ ተቀምጬ ባለፍኩ ነበር።»

እውነት ለመናገር ነገሩ ያሳሰበኝ ለነፍሴ ብቻ አልነበረም። በርበሬ የሚተነፍስ ሹፌር ብዙ አይቆይም፤ ሰይድ መንገዱን ከተወው ደግሞ ቴሌቪዥኔን አቅፎ የሚተኛ ሌላ ሰው አላገኝም።

እንዲህ ሳለን ነው የድንጋዩ ፊልም የመጣው። ዝምተኛው የረጅም መንገድ ሹፌር ሆኗል፤ የሰው ልጅ ገጭቷል። ሞጣ ላይ ሳሳይ ያችን ቦታ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየኋት። ከሟች እናት ደጅ ደርሶ ጫማውን አወለቀ፤ አፋቸውን ወደ መንገድ አዙሮ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ ድንጋዩን አነሳና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። እኔ ኩንታል ከሚሸከሙ ሰዎች ጋር ነው ያደግሁት፤ ሰው ከብዶት ሲንቀጠቀጥና ለማስመሰል ሲንቀጠቀጥ ልዩነቱን አውቃለሁ። የማስመሰሉ ከትከሻ ይጀምራል። የእውነቱ ከጉልበት። የሱ ከጉልበቱ ጀመረ። ስልሳ ኪሎ ይሆናል ብዬ በልቤ መዘንኩት።

ከዚያ ጄነሬተሯ መሳል ጀመረችና ላያት ሄድኩ። ስመለስ ሰው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል። ታርቀዋል ማለት ነው አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ሰው እንዲህ የሚያለቅሰው ሲታረቅ ነው ብዬ ገመትኩ፤ የፊልሙን መጨረሻ አንድ ሰው እንኳ ሳልጠይቅ እትዬ ጥሩወርቅን ላስታርቅበት አሰብኩ። ጤፍ ስገዛ የጆንያውን ታች ሳላይ የማልገዛ ሰው ነኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ቤቱ የራሳቸው ቢሆንም አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። ጥቁር ከለበሱ አራተኛ ዓመታቸው ነው።

«የፊታችን ገበያ ቀን አንድ ፊልም አለ፤ ይመልከቱልኝ» አልኳቸው። «ሳቅና ጭፈራ የለበትም፣ የሐዘን ነው።»

«የሐዘን ከሆነማ የራሴ ይበቃኛል» አሉ።

ያዳኑኝ መሪጌታ ናቸው። የቅኔ ተማሪዎቻቸው እየሾለኩ ወደ እኔ ቤት እንደሚመጡ ያውቁ ነበር። «ጥሩወርቅ፣ ነይ አብረን እንየው» አሏቸው። «ተማሪዎቼን የሚያስኮበልልብኝን ሰው መልኩን ልወቀው።» የኔታ ካሉ አይቀርም።

ጥቅምት ነበር። ገበያው ላይ የባቄላ እሸት በየጉያው ይፈለፈላል፤ መንገዱ ደርቆ አቧራው ገና አልጀመረም። ቤቱ ሞላ። እትዬ ጥሩወርቅን ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው፤ መሪጌታ ከጎናቸው ጭራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ትቼ ከውስጥ ቆምኩ፤ ዓይኔ ግን ፊልሙ ላይ ሳይሆን የሴትዮዋ ፊት ላይ ነው። የእሸቱ ፍልፈላ ቀስ በቀስ ቆመ። ዝምተኛው ጫማውን ሲያወልቅ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ድንጋዩን ሲያነሳ ቤቱ ሁሉ አብሮት ጎንበስ አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ በደለኛ ድንጋዩን በራሱ አያወርደውም። ሽማግሌም አያወርድለትም። ተበዳዩ ራሱ «አውርድ» እስኪለው ድረስ እዚያው ነው። ሕጉ ይሄ ነው።

በሩ አልተከፈተም። የፊልሙ እናት አልወጣችም። ጥላው ረዘመ፣ አንዲት ዶሮ በእጁ ሥር እየለቀመች አለፈች፣ ጉልበቱ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። አሁን ትወጣለች እላለሁ። ከዚያ ሙዚቃ መጣና የሠሪዎቹ ስም በሰውየው ጀርባ ላይ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አለቀ። ሳላስታርቅ መቅረቴ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ገንዘቤ እምቢ ማለትን አስተምሬ ልሸኛቸው ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ብድግ አሉ።

«አውርድ!» አሉ።

ስሙ እየወጣ ነው።

«አውርድ እንጂ ልጄ! ማን ነው ይህን ሰው እዚህ ጥሎት የሄደው? አውርድ አልኩህ!» ብለው ሄዱና ቴሌቪዥኑን በሁለት ትከሻው ያዙት። ድንጋዩን ከማጅራቱ ሊያነሱለት ነው መሰለኝ። የጠረጴዛው አንድ እግር በጡብ ነበር የተደገፈው። ጡቡ ሾለከ፤ ጠረጴዛው ተንገዳገደ፤ ሰይድ በበርበሬ መሐል ስንት ጊዜ አቅፎ ያሳለፈው ቴሌቪዥን ከነ ዝምተኛው መሬት ላይ ፈነዳ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ።

«ወረደ» አሉ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስጠሩኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ደጃቸው ላይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ መሪጌታም አሉ። ስለ ቴሌቪዥኑ ነው ብዬ የይቅርታዬን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ስለ ቴሌቪዥኑ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ያ ሰውዬ አወረደው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልምነቱን አጣሁት? ይልቅ የጠየቅሁህን መልስ። እዚያው አድሮ ይሆናል እያልኩ እኔን ነው አንገቴን ሲያመኝ የነጋው።»

መሪጌታ ጭራቸውን አነሳ አድርገው ዝንብ አባረሩ። «ጥሩወርቅ፣ ትናንት በሰው ፊት አንድ ቃል ወጥቶሻል።»

«ምን ወጣኝ?»

«አውርድ ብለሻል።»

«ድንጋዩን ነዋ የኔታ።»

«እሱ ሰሙ ነው። ሰሙማ እዚያ መሬት ላይ ተከስክሶ አየነው። እኔ የምጠይቅሽ ወርቁን ነው። ድንጋይ ይወርዳል፤ በእኛ ቋንቋ ሌላስ የሚወርድ ምን አለ?»

መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን። እርቅ ነው የሚወርደው። እትዬ ጥሩወርቅ መንገዱን ተመለከቱ። ቤታቸው አውራ ጎዳናው ላይ ነው፤ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ደጃቸውን ሳይነካ አያልፍም።

«አንተ ቀጣፊ» አሉኝ ዘወር ብለው። «ያ ልጅ ዛሬም በደጄ ተኝቶ ነው የሚያልፈው?»

«ማን… የትኛው ልጅ?»

«ሸራ ሲያስነጥስ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉ። «እኔ እሰማለሁ። ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ይማርህ ማለት አቅቶኝ ነው የተቀመጥኩ።»

ሰይድ በሳምንቱ መጣ፤ ሐጂውና መሪጌታ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ባዶ እግሩን። ድንጋዩን ያነሳው ደሳለኝ ከወደቀበት ቦታ ነው፤ እንዲያ አድርግ ያለው ሰው የለም። በዓይኔ መዘንኩት፤ ከሃምሳ ኪሎ አያንስም። ከዚያ እስከ ደጃቸው ዳገት ነው። ደርሶ ተንበረከከ። በሩ ዝግ ነበር፤ ልክ እንደ ፊልሙ። ጊዜው ሄደ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ሐጂው በሹክሹክታ ይጸልያሉ፣ መሪጌታም በበኩላቸው። የእኔ ጸሎት አጭር ነበር፤ ሲዲውን የሸጠልኝን ሰው ነው የረገምኩት።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥሩወርቅ ወጥተው ከፊቱ ቆሙ። ለቴሌቪዥን የወጣላቸው ቃል ለሰው አልወጣም አለ። አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፈቱት፤ ድምፅ የለም። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከበዳቸው። ልንረዳቸው ብንነቃነቅ መሪጌታ በጭራቸው መለሱን። ያኔ ሰይድ ከሥር እጁን ላከ፤ እሳቸው ከላይ፣ እሱ ከሥር፣ ተጋግዘው አወረዱት።

አጠገቡ ቁጭ አሉ። አቧራውን ከማጅራቱ ላይ በነጠላቸው ጫፍ እያራገፉ «ይማርህ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ቤት አልከፈትኩም። ሌላ ቴሌቪዥን መግዛት አቅቶኝ አይደለም፤ መሪጌታ ባወጡልኝ ስም ምክንያት ነው። «ሰሙ» አሉኝ። «ሰም ሥራው ቀልጦ መፍሰስ ነው ልጄ፤ የሚቀረው ወርቁ ነው። ያንተ ቀለጠ፤ አትዘን።» ተማሪዎቻቸው ይዘውት ገበያ አወጡት። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ስሙ ግን አለ። ወደ እህል ንግድ ገባሁ።

ደጀን ላይ መንገዱ እንደተከፈተ ቀጥታ ቢቸና ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬ ከዘራ ይዘው ነው የሚሄዱ፤ ጆሮአቸው ግን ደህና ነው። ድንጋዩ ከበራቸው አጠገብ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ይቀመጡበታል። ልንገራቸው ወይስ ልተወው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስሟገት ነበር። ይህን ያህል ዓመት የኖረ ነገር ላይ ምን አገባኝ አልኩ። ደግሞ እንደዚያን ጊዜ መጨረሻውን ሳልጠይቅ እንዳልቀር ፈራሁ። ነገርኳቸው። የፊልሙ ድንጋይ ስፖንጅ ነበር፣ ቀለም የተቀባ፣ የያዘው ነፋስ እንዳይወስድበት ነው አልኳቸው።

ከዘራቸውን አስደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ድንጋዩን ማን አየው?» አሉ። «እኔ ያየሁት ጉልበቱን ነው።»

ያ ተዋናይ በባዶ አንገቱ ስልሳ ኪሎ ተሸክሞ ነበር፤ ክብደቱን ያመጣው ከየት እንደሆነ ጠያቂዋ አልጠየቀችውም፣ ብትጠይቀውም የእጅጌውን ቁልፍ ይነካካል እንጂ የሚመልስላት አይመስለኝም።

ቴሌቪዥኑ አልተጠገነም። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ እህል ይቀመጥበታል። ስሜ ሰሙ ነው። ሰይድ ዛሬም በቢቸና በኩል ያልፋል፤ ተቀምጦ።